ሂሮኮ ያላነበበቻቸው ታሪኮች

ባለፈው በጋ የጡረታ ወረቀቴን ኮፒ ላስደርግ ሰቆጣ መናኸሪያው አጠገብ ካለችው ኮፒ ቤት ገብቼ ተራ እጠብቅ ነበር። ከፊቴ የቆመች ቀጠን ያለች ልጅ ከስልኳ የምታሳትመው ወረቀት ገና እንደሞቀ ከማሽኑ ሲወጣ ዓይኔ አረፈበት። ፊደሉ የኛ አይደለም፤ የፈረንጅም አይደለም። አንዳንዱ ጣሪያና ምሰሶ ያለው ቤት ይመስላል፣ አንዳንዱ ነፋስ ያዘመመው ሣር ይመስላል። ሳላስበው ድምፄን አውጥቼ የመጀመሪያውን መስመር አነበብሁት። ልጅቷ ዞር ብላ ከነጠላዬ እስከ ጫማዬ አየችኝ።

“ምን አሉ እትየ?”

“ያንቺን ወረቀት ነዋ። ‘የሚከተለውን ታሪክ አንብበሽ ትክክለኛውን መልስ ምረጪ’ ይላል።”

“ጃፓንኛ ያውቃሉ? እርስዎ?”

ኮፒ የሚያደርገው ሰውዬ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምክንያቱም ያን ቋንቋ በሰው ፊት ድምፅ አውጥቼ ካነበብሁ ስንት ዓመት እንደሆነኝ እኔው ራሴ አላውቅም። ልጅቷ እናኑ ትባላለች፤ እንደ እኔው የደሃና ወረዳ ልጅ ናት። ጃፓን ሄዳ አዛውንቶችን ለመንከባከብ ትማራለች። የጀማሪውን ፈተና አልፋለች፤ ሁለተኛው ግን ሁለት ጊዜ ጥሏታል። “ንግግሩን እሞክራለሁ” አለችኝ ውጭ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን። “ቃሉንም ሸምድጃለሁ። ጽሑፉ ረዘም ሲል ግን መሃሉ ላይ እጠፋለሁ።” ያን መሃል አውቀዋለሁ። እኔም በሃያዎቹ ዕድሜዬ፣ በዚችው ከተማ፣ እዚያው መሃል ጠፍቼ ነበር።

ያን ጊዜ ሰቆጣ እንዳሁኑ አልነበረችም። ከወልድያ የሚመጣው አውቶቡስ ዛሬ ይገባል ስንል ነገ፣ ነገ ስንል በሦስተኛው ቀን አቧራ ለብሶ ይደርስ ነበር። ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወስደው መታጠፊያ ላይ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች፤ ሻይ በሃያ አምስት ሳንቲም፣ ከአምባሻ ጋር በሃምሳ። ባለቤቱ ያለው አንድ ቴፕ፣ የሚወደውም አንድ ካሴት ነው፤ ክሩ ሲላላ በእስክሪብቶ እያጠነጠነ ደግሞ ደጋግሞ ያጫውተዋል። እኛ አስተማሪዎቹ ግጥሙን ብቻ ሳይሆን ካሴቱ የሚንተባተብበትንም ቦታ በቃላችን ስለምናውቅ፣ እዚያ ጋ ሲደርስ አብረነው እንንተባተብ ነበር። የሴት አስተማሪ ልብስ የታወቀ ነው፦ ከጉልበት በታች የሚወርድ ሽንሽን ጉርድ፣ እስከ አንገት የሚቆለፍ ሹራብ፣ ከሥር የላስቲክ ኮንጎ ጫማ። ክረምት ሲገባ ኮንጎው ውኃ ይይዝና ስንራመድ ጭው ጭው ይላል፤ ተማሪዎቹ አስተማሪ መምጣቷን የሚያውቁት በዚያ ድምፅ ነበር። በማር ተራ በኩል ስታልፉ ደግሞ ንብ እንዳይነድፋችሁ ነጠላችሁን ፊታችሁ ላይ ጣል ማድረግ ነው። አሁን እዚያ ቦታ ላይ የሞባይል መሸጫ ሱቆች ተደርድረዋል።

ሂሮኮ የመጣችው ከዚያ ከሦስት ቀን አንዴ ከሚገባው አውቶቡስ ወርዳ ነው። ሂሳብ ልታስተምር ከጃፓን የተላከች በጎ ፈቃደኛ ናት፤ በዕድሜ ከእኔ በሁለት ዓመት ትበልጥ ይሆናል። እኔ በተከራየሁበት በእትየ ደስታ ግቢ፣ ከእኔ ክፍል ፊት ለፊት ያለው ክፍል ተሰጣት። አማርኛዋን የለቀመችው ከእኔና ከእትየ ደስታ ብቻ ስለነበር ወንዱንም ሴቱንም “አንቺ” ነበር የምትለው። አንድ ቀን በሰልፍ ሰዓት ርእሰ መምህሩን፣ ያን ግርማ ሞገሳቸው የሚያስፈራ ሰውዬ፣ “ደህና አደርሽ ወይ?” ብትላቸው ተማሪው ሁሉ ዓይኑን እሳቸው ላይ ተከለ። እሳቸው ጥቂት አሰቡና፣ “ደህና አደርሁ፣ አንቺስ?” አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰቆጣ ሰው ወደዳት።

እኔ ጃፓንኛ የጀመርሁት ለቁም ነገር አልነበረም። አመሻሹ ላይ በየደጃችን በርጩማ አውጥተን እንቀመጥና አንድ ቃል ትሰጠኛለች፣ አንድ ቃል እሰጣታለሁ። ቋንቋ መልመድ ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም። እኔ አፌን የፈታሁት በኽምጣኛ ነው፤ አማርኛ የመጣልኝ ትምህርት ቤት ገብቼ፣ በመጽሐፍና በኩርኩም ነው። በዓመቱ ከሂሮኮ ጋር ስለ አየሩ፣ ስለ ተማሪው፣ ስለ ወገብ ሕመም ማውራት ቻልሁ። ከዚያ በኋላ ግን ቀጥ ብዬ ቆምሁ። ጀማሪ ሳለሁ በየቀኑ አዲስ ነገር ስለማውቅ በየቀኑ ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁን ግን ወር ሙሉ ለፍቼ ያው ነኝ። የሚነግሩኝን እሰማለሁ፣ እርስ በርስ የሚነጋገሩትን ግን አልሰማም። የመማሪያው መጽሐፍ ውስጥ ያሉት ሰዎች ሰላም ተባብለው፣ ፖም ገዝተው፣ ሰዓት ተጠያይቀው ይለያያሉ፤ አንዳቸውም አይጣሉም፣ አንዳቸውም አያለቅሱም።

“አማርኛስ እንዴት ገባሽ?” አለችኝ ሂሮኮ፣ ልተወው ነው ስላት።

“አጫጭር ታሪክ በማንበብ። የስድስተኛ ክፍል አስተማሪያችን አንድ ካርቶን አሮጌ መጽሔት ነበረው። የማላውቀውን ቃል እየዘለልሁ፣ ሰውየው መጨረሻው ምን እንደሆነ ለማወቅ ስል ብቻ አነብ ነበር።”

“እንግዲያው ታሪክ ያስፈልግሻል” አለችና ለአክስቷ ጻፈች። ለአባቷ አልነበረም የጻፈችው። ስለ አባቷ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጡረታ የወጡ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናቸው፣ እሷ እዚህ ከመጣች ወዲህ ደብዳቤ ተጻጽፈው አያውቁም። ለምን ስላት፣ “ረጅም ነው” ብላ ወደ ክፍሏ ገባች።

ከሁለት ወር በኋላ ፖስታ ቤት ተጠራሁ። ቡናማ ፖስታ፣ በላዩ ላይ የኔ ስም፣ ዝናሽ፣ በእንግሊዝኛ በጥንቃቄ ተጽፏል። ውስጡ መጽሐፍ አልነበረም። አራት ገጽ ሙሉ በሰማያዊ ቀለም በእጅ የተጻፈ ታሪክ ነው፤ ከእያንዳንዱ ከባድ ፊደል ራስ ላይ ንባቡ ጉንዳን በሚያካክሉ ቀላል ፊደላት ተቀምጧል። ይዤላት ስሮጥ ሂሮኮ ጽሕፈቱን ገና ከሩቅ አየችና ፊቷ ተለወጠ። “የአባቴ እጅ ነው፤ አክስቴ ነግራዋለች” አለች። እጄን ዘርግቼ ልሰጣት ስል ወደ ኋላ አፈገፈገች። “ያንቺ ስም ነው ያለበት። አንቺ አንብቢው። የማይገባሽን ቃል ጠይቂኝ እንጂ፣ እኔ አላነበውም።”

እንዲሁ ሆነ። በየወሩ፣ አንዳንዴ በየሁለት ወሩ አንድ ታሪክ ይመጣል። የመጀመሪያው ጃንጥላ ስለሚጠግን ሽማግሌ ነበር፤ ሁለተኛው ባቡር ስላመለጠው ፀጉር አስተካካይ፤ ሦስተኛው የጎረቤቷን ድመት ደብቃ ስላስቀመጠች መበለት። እያንዳንዱ ከፊተኛው ትንሽ ይከብዳል፤ በአዲሱ ውስጥ የአሮጌው ቃላት ተመልሰው ይመጣሉ። የሂሮኮ አባት ከመጀመሪያው ታሪክ ጋር ባያያዙት ወረቀት ላይ ሁለት ትእዛዝ ነበር፦ “ሦስት ጊዜ ሳያነቡ መዝገበ ቃላት አይግለጡ። ሲጨርሱ ሰውየው ምን ፈልጎ እንደነበር ጽፈው ይላኩልኝ።” ስማቸውን ሳይሆን “አስተማሪው” ብለው ይፈርማሉ፤ እኔንም “ሰንሰይ” ይሉኛል፣ መምህርት ማለታቸው ነው። በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው እንዲህ ሲያከብሩኝ አፍር ነበር።

የመጀመሪያውን መልሴን ሁለት ሳምንት ለፍቼ ግማሽ ገጽ ጻፍሁና ላክሁ። ሲመለስ ከላይ እስከ ታች በቀይ ክብ ተሞልቷል። አንድም መስመር አልተረፈም። ወረቀቱን በእትየ ደስታ በርጩማ ላይ አስቀምጬ አለቀስሁ። እትየ ደስታ ጥጥ ይፈትሉ ነበር፤ እንዝርታቸውን አቆሙ።

“ምነው ልጄ፣ መርዶ ነው?”

“ሁሉንም ተሳስቻለሁ እትየ። ይዩት፣ ሁሉንም።”

ሂሮኮ መጥታ አየችውና ሆዷን ይዛ ሳቀች። “ዝናሽ፣ በኛ አገር ክብ ማለት ልክ ነው! ስሕተት ቢሆን እኮ ሌላ ምልክት ነው የሚደረግ። ይኸውልሽ፣ ይቺ ደግሞ ክቧ አበባ የሆነችው፣ በጣም ጎበዝ ማለት ነው።” እሷም እንባዋን ጠረገች፤ የሳቅ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ልጅ ሳለች አባቷ ደብተሯ ላይ ያን አበባ ስንት ጊዜ እንደሳሉላት ትዝ ብሏት ይሆናል።

እነዚያን ገጾች አሁንም በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ አሉኝ። በክፉው ጊዜ ከቤት ወጥተን ስንሸሽ ሰው እህልና ልብስ ሲሸከም እኔ ሳጥኑን በነጠላ ቋጥሬ ይዤ ወጣሁ፤ ወንድሜ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል። እናኑን ወደ ቤቴ ወስጄ የጃንጥላውን ሽማግሌ ሰጠኋት። መጀመሪያ አልወደደችውም። “እትየ፣ ፈተናው ላይ እንዲህ ያለ አይመጣም” አለች። “አውቃለሁ። ግን ፈተናው ላይ መሃሉ ላይ የምትጠፊው ታሪኩ ስለማይናፍቅሽ ነው። ይህን ሰውዬ ናፍቂውና መጨረሻውን ፈልጊው” አልኋት። በሦስተኛው ሳምንት በር አንኳኳች፤ ሰላም እንኳ ሳትለኝ፣ “ጃንጥላውን መለሰላት ወይስ ለራሱ አስቀረው? እኔ መለሰላት ነው የምለው” አለች። ያን ጊዜ እንደሚሳካላት አወቅሁ። ፈተናውን ባለፈው ወር ወስዳለች፤ ውጤቱን ገና እየጠበቅን ነው።

የኔ ከባዱ ፈተና ሰባተኛው ታሪክ ነበር። የመጣው በጥር ነው፤ ገብስ ታጭዶ አልቆ፣ ልጃገረዶቹ ለጥምቀት የገዙትን አዲስ ቀሚስ ገና ሳያወልቁ። እንደ ልማዴ ሦስት ጊዜ አነበብሁት። በመጀመሪያው ጊዜ የገባኝ አንድ አረጋዊ አስተማሪ እንዳለ ብቻ ነው። በሁለተኛው፣ ሚስቱ እንደሞተችና ሴት ልጁ ሩቅ አገር ልትሄድ እንደተነሣች ገባኝ። በሦስተኛው፣ ባቡር ጣቢያ ላይ፣ በሰው ፊት፣ “የእናትሽ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ ከሄድሽ ተመልሰሽ እንዳትመጪ” እንዳላት ተረዳሁ። ይህ ታሪክ የጃንጥላው ሽማግሌ ዓይነት አይደለም። ሰውየው ከዚያ በኋላ በየቀኑ እራት ሲደርስ በሩን ከፍቶ በረዶ ወደ ሸፈነው መንገድ ይጣራል፤ መንገዱ ላይ ግን ማንም የለም። ሲጣራ የሚለው ቃል የታሪኩ መጨረሻ ነው፤ ያውም በቀላሉ ፊደል ብቻ የተጻፈ፣ ለሕፃን የተጻፈ የሚመስል፦ “ካኤቴ ኦይዴ።”

የመጀመሪያውን ቃል አውቀዋለሁ፣ መመለስ ነው። ሁለተኛውን መዝገበ ቃላት ገልጬ ፈለግሁት። ሦስት ትርጉም አለው፦ መሄድ፣ መምጣት፣ መኖር። አንድ ቃል እንዴት መሄድም መምጣትም ይሆናል? ሰውየው ነይ እያለ ነው ወይስ ሂጂ? ጀማሪ ብሆን ኖሮ እዚህ ድረስ አልደርስም ነበር፤ አዋቂ ብሆን ኖሮ እስካሁን ገብቶኝ ነበር። እኔ ግን መሃል ላይ ነኝ። ለሂሮኮ ብሰጣት፣ የአባቷን እርግማን ሁለተኛ ጊዜ በእጄ እንዳቀበልኋት ይሆናል። ባልሰጣት ደግሞ የአባት ጥሪ ሳጥን ውስጥ ቆልፌ እንደተኛሁ ይሆናል። ሦስት ቀን ክፍል እየገባሁ ያስተማርሁትን አላውቀውም። እትየ ደስታ አሞሻል ብለው ፌጦ በሎሚ አጠጡኝ።

በአራተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ፣ መንገድ ላይ፣ ነገሩን ቀለል አድርጌ ጠየቅኋት። “ሂሮኮ፣ ‘ካኤቴ ኦይዴ’ ማለት ምንድን ነው?”

ቆመች። በእቅፏ ከያዘችው የተማሪ ደብተር ክምር አንዱ ተንሸራትቶ ወደቀ፤ አላነሣችውም።

“ማን አለሽ?”

“አንድ ቦታ አንብቤው ነው። ሂጂ ነው ነይ?”

“ነይ ነው” አለች ድምፅዋ ቀጥኖ። “‘ወደ ቤት ነይ’። ግን እንዲሁ ለማንም አይባልም። ልጅ ውጭ ሲጫወት መሽቶበት፣ እራት ደርሶ፣ ከበር ላይ የሚጠራ ሰው ነው የሚለው። እናት ናት የምትለው። በኛ ቤት ግን እናቴ ድምፅዋ ትንሽ ስለነበር አባቴ ነበር የሚለው።”

ወረቀቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። እዚያው የመንገዱ ዳር ግንብ ላይ ቁጭ ብላ አነበበችው፤ እኔ የወደቀውን ደብተር አቧራውን እያራገፍሁ ቆምሁ። አህያ የሚነዱ ሰዎች ሰላም እያሉን አለፉ፤ እኔ ብቻ መለስሁላቸው። ጨርሳ ስትነሣ ዓይኗ ቀልቷል። “ይህ ከመጽሐፍ የተገለበጠ አይደለም” አለች። “ይህ የኛ ሰፈር ነው። ጃንጥላ ጠጋኙን ስጪኝ እስቲ። ሌሎቹንም።” ከሰዓት በኋላውን ሙሉ በእትየ ደስታ ደጅ ሰባቱንም በተርታ አነበበቻቸው። ጃንጥላ ጠጋኙ በቤታቸው መታጠፊያ ላይ የነበረ ሰው ነው። ድመቷን የደበቀችው መበለት አክስቷ ናት። አንዱም ከመጽሐፍ አልተገለበጠም፤ ሁሉንም እሳቸው ናቸው የጻፏቸው፣ በእኔ ልክ፣ እኔ በማውቃቸው ቃላት። ለልጃቸው በቀጥታ መጻፍ አቅቷቸው፣ ልጃቸው አጠገብ ላለ ሰው ጻፉ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ቴሌ ቤቱ ገና ሳይከፈት በሩ ላይ ቆመን ነበር። መስመር እስኪገኝ ድረስ ግማሽ ቀን አግዳሚ ወንበር ላይ ጠበቅን፤ ሂሮኮ ጣቶቿን እያፍተለተለች፣ እኔ ቆሎ እያቀበልኋት። በመጨረሻ ስልከኛው፣ “ጃፓን! ሁለት ቁጥር ግቢ!” ብሎ ጮኸ። የስልኩ ሳጥን በር አይዘጋም፤ መስመሩም መጥፎ ስለሆነ ካልጮኹ አይሰማም። ስለዚህ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ድምፅዋን ይሰማል፤ የምትለው የሚገባው ግን ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። ጠንከር ያለ ነገር ትላለች ብዬ ነበር። “አባዬ፣ እኔ ነኝ” አለች። “እኔ ነኝ! ወገብህ እንዴት ነው?” ከዚያ ብዙ አዳመጠች። “በልቻለሁ። አዎ፣ እዚህ ጥሩ እበላለሁ። አንተስ በልተሃል? ብቻህን?” ከዚያ ግንባሯን የሳጥኑ እንጨት ላይ አስደግፋ፣ አሁን ሳትጮህ፣ “እመጣለሁ። ሥራዬን ስጨርስ እመጣለሁ” አለች። ያኔ ነው የገባኝ፦ አንድም ቃል በልቤ አልተረጎምሁም። ሁሉም እንደ አማርኛ፣ እንደ ኽምጣኛ ዝም ብሎ ገባልኝ። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አባት፣ “መርዶ ነው ልጄ?” ቢሉኝ፣ “አይደለም አባቴ፣ እርቅ ነው” አልኋቸው። እግዜር ይመስገን ብለው አማተቡ።

ከዚያ ወዲህ ቡናማዎቹ ፖስታዎች በሂሮኮ ስም ይመጡ ጀመር። በየሳምንቱ ደብዳቤ ይደርሳት ነበር፤ ታሪክ ግን ቀረ። ደስ ብሎኛል፤ እውነቴን ነው። ግን ሰው ነኝና ቅር አለኝ፤ ፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት ባለፍሁ ቁጥር ዓይኔ ወደዚያ ይሄድ ነበር። በሐምሌ፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ ሂሮኮ ሄደች። እትየ ደስታ የማር እንስራ ሊያሸክሟት ሲሉ በስንት ልመና ወደ አንድ ጠርሙስ ዝቅ አለላት። ርእሰ መምህሩ መናኸሪያ ድረስ መጥተው፣ “በይ ደህና ግቢ” ሲሏት፣ “አንቺም ደህና ሁኚ” አለቻቸው፤ አውቃ ነው ያለችው። አውቶቡሱ ተነሥቶ አቧራው እስኪበርድ ድረስ እጃችንን እያወዛወዝን ቆምን። ከአባቷ ጋር አራት ዓመት አብረው ኖሩ፤ በሕመማቸውም ጊዜ አጠገባቸው ነበረች። እኔ ጃፓንን አንድም ቀን ረግጬ አላውቅም።

እሷ ከሄደች በኋላ ግቢው ጭር አለ። ለሽማግሌው ደብዳቤ ጻፍሁ፤ ያለ ማንም እርዳታ የጻፍሁት የመጀመሪያው ነው። “ሰንሰይ፣ ልጅዎ ቤት በመግባቷ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ታሪኮቹ ናፍቀውኛል። እኔ ገና አልጨረስሁም” አልሁ። ሁለት ወር ሙሉ መልስ የለም። በጥቅምት አንድ ቀን የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ክፍል ድረስ ቡናማ ፖስታ ይዞልኝ መጣ። ተማሪዎቹን መልመጃ ሰጥቼ መስኮቱ ሥር ቆሜ ገለጥሁት። ከከባዶቹ ፊደላት ራስ ላይ ያ ጉንዳን የሚያህለው ንባብ የለም፤ አያስፈልጋትም ብለው ትተውታል። ታሪኩ፣ “ሰቆጣ በምትባል ከተማ አንዲት መምህርት ነበረች” ብሎ ይጀምራል። የላስቲክ ጫማዋ ድምፅ አለ፣ የሻይ ቤቱ የሚንተባተብ ዘፈን አለ፣ እትየ ደስታ ከነእንዝርታቸው አሉ፤ ልጃቸውን ጠይቀው ጠይቀው አንዱን ሳያስቀሩ ነው የጻፉት። አንድ ጊዜ ሳላቋርጥ እስከ መጨረሻው አነበብሁት። በመጨረሻው ገጽ ላይ መምህርቷ ሥራዋን ጨርሳ፣ ደብተሮቿን ታቅፋ፣ እስከ ጉልበቷ የሚደርስ ነጭ በረዶ እየረገጠች በሰቆጣ መንገድ ወደ ቤቷ ትገባለች።

ስቄ አላባራሁም። መልሴን ስጽፍ፣ ታሪኩ በጣም ማማሩን ከነገርኋቸው በኋላ፣ በትሕትና አንድ እርማት ጨመርሁ፦ በኛ አገር በክረምት ጠጠር የመሰለ በረዶ ጥቂት ይወርዳል እንጂ፣ ሰው የሚረግጠው በረዶ የለም። መልሳቸው በፖስት ካርድ መጣ፤ ሦስት መስመር ብቻ ናት።

“ሰንሰይ፣ እርማትዎ ትክክል ነው፤ ክብ አድርጌበታለሁ። በረዶ እንደሌለ ልጄም ነግራኝ ነበር። ነገር ግን ሰውን በደህና ወደ ቤቱ ማስገባት የማውቀው በዚያ መንገድ ብቻ ነው።”